የታች ቤት ዲስክ

አባቴ መሪጌታ ጥበቡ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር አይወዱም። አንደኛው ዜማ የሚያስሮጥ ዲያቆን ነው። ሁለተኛው እኔ ሽቦ ይዤ ማየት ነው። ለመጀመሪያው ምክንያታቸውን በግዕዝ ጭምር ያስረዳሉ። ለሁለተኛው ግን ብዙ አይናገሩም፤ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ወዳለው የጠቆረ ሶኬት በአገጫቸው ያመለክታሉ።

እኔ እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ደመና ከየት ተነሥቶ የት እንደሚዘንብ ለተማሪ አስረዳለሁ፤ የሪሞት ባትሪ በየት በኩል እንደሚገባ ግን ሁልጊዜ አገላብጬ ነው የማገኘው። ይሁንና ሰፈሩ ሁሉ «የተማረ ነው» ብሎ ስለሚያምን ቴሌቪዥን እንቢ ሲለው እኔን ይጠራል፤ እኔም እሄዳለሁ። አልችልም ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ለመፈታታት ግን ሞልቶኛል። ሆስፒታል በነርስነት የምትሠራው ባለቤቴ ሰናይት «ተመስገን፣ እንኳን ሐኪም አልሆንህ» ትለኛለች። ይህን የምትለው ከልቧ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ነው።

የዘንድሮው ጉዳዬ ግን የተጀመረው በሽቦ አይደለም፤ በመቋሚያ ነው።

መጀመሪያ አያ ፈንታሁንን ላስተዋውቃችሁ። እሳቸውም መሪጌታ ናቸው፤ ወለቃ አጠገብ ይኖራሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «አያ» ብዬ ስለለመድሁ ማዕረጋቸው አፌ ላይ አይመጣልኝም። ከአባቴ ጋር በአንድ የኔታ እግር ሥር ተቀምጠው አቋቋም የተማሩ ናቸው። አቋቋም ማለት ዜማው ሲዜም እግር የት እንደሚረግጥ፣ ጸናጽል መቼ እንደሚወርድ፣ መቋሚያ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያስተምር ትምህርት ነው፤ ጎንደር ውስጥ በዚህ ነገር አይቀለድም። ሁለቱ አብረው ቁራሽ ለምነዋል፣ አንድ ደበሎ ተከናንበው ተኝተዋል፣ አንዱ ሲገረፍ ሌላው አልቅሷል። ጓደኛ የሚለው ቃል ያንሳቸዋል።

ሟቹ የኔታ ለደብራችን ንግሥ ብቻ የሚያወጧት አንዲት ዝማሜ ነበረቻቸው። ዝማሜ ያ መቋሚያ ከዜማው ጋር ወዲያና ወዲህ የሚልበት ነው። የኔታ ካረፉ ወዲህ ይህችን ዝማሜ የነካት የለም። ዘንድሮ የደብሩ አለቃ ሁለቱን ጠርተው «እናንተ እያላችሁ ለተማሪዎቹ አስይዙልን፤ ለንግሡ ትውጣ» አሉ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተማሪዎቹ ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። ዜማው ተነሣ። አባቴ መቋሚያቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ። አያ ፈንታሁን ወደ ግራ አዘነበሉ። መቋሚያ ከመቋሚያ ተላተመ፤ ተማሪዎቹም ሳቃቸውን ለመዋጥ ያልያዛቸውን ሳል ሳሉ።

«እርስዎ ረስተውታል» አሉ አባቴ።

«እርስዎስ መቼ ይዘውት ያውቁና?» አሉ አያ ፈንታሁን።

ልብ በሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን «አንተ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በድንገት «እርስዎ» መባባል ሲጀምሩ ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ አንዱ በመጣበት ሌላው አይመጣም። አባቴ ደግሞ «ከወንድሜ ተቀያይሜ ማኅሌት አልቆምም» ብለው ማሉ። ጉልበታቸው እየደከመ ነው፤ ዘንድሮ ያልቆሙ ለከርሞ መቆማቸውን ማን ያውቃል? መቋሚያቸውን ከበር ጀርባ ደገፍ አድርገው አስቀምጠው፣ በዚያ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩባታል። የኔ ጉዳይም ይኸው ነው፤ ንግሡ ሳይደርስ አባቴን ማኅሌት ማቆም። ከዚህ በኋላ የምሠራውን ሞኝነት ሁሉ በዚህ ይቅር በሉኝ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ፊቴን እየታጠብሁ ዲስኩ ትዝ አለኝ። የኔታ በሕይወት ሳሉ አንድ ፈረንጅ የደብራችንን ንግሥ ቀርጾ፣ አገሩ ገብቶ አቀነባብሮ፣ ለመታሰቢያ አንድ ዲስክ ልኮልን ነበር። ያኔ ቤታችን ማጫወቻ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ዲስኩን በነጠላ ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው፤ እንግዳ ሲመጣ እናወጣና «የኔታ እዚህ ውስጥ አሉ» ብለን እናሳያለን። እንግዳውም ተቀብሎ ይሳለማል። በኋላ ማጫወቻ ሲገባ ዲስኩን ያስታወሰው የለም፤ ከቅርስ ተቆጥሮ ነበር።

ወለቃ ሄድሁና አያ ፈንታሁንን «ነገ ቤታችን ይምጡ፤ የኔታን አሳይዎታለሁ» አልኋቸው።

«ምነው፣ የኔታ ተነሡ እንዴ?» አሉኝ።

ነገሩን አስረዳኋቸው። ዝማሜው በፊልም አለ፤ መቋሚያው ወዴት እንደሚያዘነብል በዓይን ይታያል፤ ነገር ይበርዳል። ትንሽ አሰቡና «እመጣለሁ፤ አባትህን ለማየት ግን አይደለም» አሉኝ።

በማግሥቱ መጡ። አባቴ በሶፋው አንድ ጫፍ፣ አያ ፈንታሁን በሌላው ጫፍ ተቀመጡ፤ መካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ኩርፊያ ነበር። ዲስኩን አስገባሁ። ማጫወቻው ጥቂት አጉረመረመና «ዲስክ የለም» ብሎ ጻፈ። አውጥቼ በሸሚዜ ወለወልሁት። «ዲስክ የለም።» በሰናይት አልኮል ወለወልሁት። «ዲስክ የለም።»

«ምን ይላል?» አሉ አያ ፈንታሁን።

«አላየሁም ነው የሚለው።»

«ዓይኑ እያየ ይክዳል በለኛ። እዚህ ቤት የተለመደ ነው» አሉና ወደ አባቴ ሳያዩ አዩ።

ሰናይት ከበሩ ላይ ሆና «ገልብጠው» አለች። ዳቦ ነው እንዴ የሚገለበጥ ብዬ ሳቅሁባት። እሷ ግን መጥታ ገለበጠችው፤ የኔታም ወጡ።

ለካ ዲስኩ ሁለት ፊት ነበረው። ሥዕልም ሆነ ጽሑፍ የሌለው ለዚህ ነው፤ በሁለቱም በኩል ይነበባል። መሃል ላይ ባለችው ቀዳዳ ዙሪያ በደቃቅ ፊደል በአንድ በኩል «ዲቪዲ»፣ በሌላው በኩል «ኤችዲ ዲቪዲ» የሚል በፈረንጅኛ ተጽፎበታል። የተጫወተልን ተራው ፊት ነው።

የኔታ ሲታዩ ሁለቱም ሽማግሎች ብድግ አሉ። አቤት የኔታ! ድምፃቸው ያው ነው። ምስሉ ግን ጭጋግ የወረደበት ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ጨለም ይላል፣ ካሜራው ርቋል፣ ሰዉ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። ያቺ ዝማሜ ደረሰች። ከፊት የቆሙ ሁለት ነጫጭ ነገሮች፣ አንዱ አባቴ ሌላው አያ ፈንታሁን መሆናቸው በቁመታቸው ይታወቃል፣ ዜማው ሲነሣ አንዱ ወደ ቀኙ፣ አንዱ ወደ ግራው ዘንበል ሲሉ ታዩ።

«ያውና! ወደ ቀኝ!» አሉ አባቴ።

«ያውላችሁ! ወደ ግራ!» አሉ አያ ፈንታሁን።

የኔታስ? የኔታ ከሁለቱ ኋላ ናቸው፤ የጥምጥማቸው ጫፍ ብቻ እንደ ደመና ብቅ ብላለች። መልሼ አጫወትሁት። መልሼ መላልሼ አጫወትሁት። ባጫወትሁት ቁጥር ሁለቱም ይበልጥ ረቱ። ከዚያ በፊት እያንዳንዳቸው የነበራቸው ትዝታ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሁለቱም የፊልም ማስረጃ ሰጠኋቸው። አያ ፈንታሁን ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ «እርስዎን እግዜር ይይልዎት» አሏቸው። አባቴም «ለእርስዎም እንዲሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይተው ነበር። ሰናይትም «በቃ ተወው፣ ሽማግሌ ይላክ» አለችኝ። እኔ ግን ሳሎኑ መሃል ቆሜ «ሁለተኛው ፊት አለ፤ በጥራት ነው የማሳያችሁ፤ የየኔታ ጥፍር ሳይቀር ይታያል!» ብዬ ማልሁ። ከማልሁ ደግሞ ማልሁ ነው።

አሁን ጥራት ያለው ዲስክ ማጫወቻ ማለት ብሉሬይ መሆኑን ማን አያውቅም? እኔም አወቅሁ። ፒያሳ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ጋ ሄጄ ብሉሬዩን ለመንሁት። ማጫወቻው እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነው። አያ ፈንታሁንን እንደገና ለምኜ፣ በደብሩ አለቃም አስመክሬ አመጣኋቸው። ሶፋው እንደ በፊቱ ተያዘ። ዲስኩን በኤችዲ ፊቱ አስገባሁ። ብሉሬዩ ዋጠው፣ አሰበ፣ በመጨረሻ «ይህን ዲስክ ማንበብ አልችልም» ብሎ ተፋው። ገለበጥሁት፤ ያው የመጀመሪያው ጭጋግ መጣ፤ ሁለቱም እንደገና ረቱ።

አያ ፈንታሁን ተነሡና «ልጄ፣ አንተ ሸጋ ልጅ ነህ። እንዲህ እያደረግህ ከምታመላልሰኝ ግን የሚያነበው ሲገኝ አስጠራኝ» ብለው ሄዱ።

ያን ሰሞን ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርሁ፤ ያነበብሁት አስለቀሰኝ። ለካ እኛ ሳንሰማ በዓለም ላይ ትልቅ ጦርነት ተካሂዶ አልቋል። የዲቪዲን ጥራት የሚበልጥ ዲስክ እንሥራ ብለው ሁለት ቡድኖች ተነሡ፤ አንደኛው ብሉሬይን፣ ሁለተኛው ኤችዲ ዲቪዲን አወጣ። ፊልም ሠሪዎቹ ገሚሱ ወዲህ፣ ገሚሱ ወዲያ ሆኑ። ጥቂት እንደተገፋፉ ፊልም ሠሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ብሉሬይ ሄዱ፤ ኤችዲ ዲቪዲም በአጭር ተቀጨ። ያ የተባረከ ፈረንጅ ታዲያ የኔታን የላከልን በተሸነፈው ላይ ነው።

ለአባቴ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ቁርስ ላይ ሆነን ጀመርሁ። «አባባ፣ ሁለት ዓይነት ዲስክ አለ። ሁለቱም መጠናቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ብርሃን ነው የሚነበቡት፤ ግን አንዱን የሚያነበው ሌላውን አያነበውም።»

«ብርሃኑ አንድ ከሆነ ለምን?»

«የተጻፈበት ጥልቀት ይለያያል። ብሉሬይ ጽሑፉ ላዩ ላይ ነው፣ ከቆዳው ሥር ማለት ነው። ኤችዲ ዲቪዲ ግን እንደ ድሮው ዲቪዲ ወደ ታች ወረድ ብሎ መሃሉ ላይ ነው የተጻፈው።»

አባቴ ጉርሻቸውን ያዝ አደረጉና «ላይ ቤትና ታች ቤት በለኛ!» አሉ።

ለማያውቅ ሰው፣ ጎንደር ውስጥ መጻሕፍቱ የሚተረጐሙት በሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ላይ ቤት፣ አንዱ ታች ቤት ይባላል። መጽሐፉ አንድ ነው፣ እምነቱ አንድ ነው፤ የአንዱ መምህር ግን የሌላውን ቤት አካሄድ እንደ ራሱ አድርጎ አይሄድበትም። እኔ ስንት ሌሊት ካነበብሁት ይልቅ የአባቴ አንዲት ቃል ነገሩን አጠራችልኝ። እሳቸውም አልለቀቁኝም፤ ጉባኤ እንደተቀመጡ ሁሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

«የቱ ይበዛል? የቱ ብዙ ይይዛል ማለቴ ነው።»

«ላይ ቤት። ብሉሬይ በጣም ብዙ ይይዛል። ግን ጽሑፉ ላዩ ላይ ስለሆነ ጭረት እንዳያጠፋው ጠንካራ ልባስ ያለብሱታል።»

«ታች ቤትስ?»

«ያነሰ ይይዛል። ግን የድሮው ዲቪዲ በሚሠራበት ፋብሪካ ብዙ ሳይቀየር ይሠራል፤ ስለዚህ ለማውጣት ይረክሳል። ደግሞ ላይ ቤት ዓለምን በቀጠና ከፍሏታል፤ የአንዱ አገር ፊልም በሌላው አገር ማጫወቻ እንቢ ሊል ይችላል። ታች ቤት ድንበር የለውም። ዲቪዲውንም በጀርባው አዝሎ መምጣት ይችላል፤ እንደኛው ማለት ነው።»

«ይህ ሁሉ ካለው ለምን ተሸነፈ?»

«ተከታይ አጣ፣ አባባ።»

አባቴ በረዥሙ ተነፈሱ። «እንግዲያማ እውቀት ሳይጐድለው የተፈታ ጉባኤ ነው። ሂድና መምህሩን ፈልግ። አንድ እንኳ አይጠፋም» አሉኝ። እኔ ሽቦ ይዤ ማየት የማይወዱት አባቴ እንዲህ ማለታቸው ክንፍ አበቀለልኝ።

የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ቡድን ላይ «ኤችዲ ዲቪዲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ማጫወቻ ያላችሁ ተባበሩኝ» ብዬ የምልክቱን ሥዕል ለጠፍሁ። የሰው ደግነት አያልቅም። አንዱ የዲሽ ሪሲቨር ፎቶ ላከ። አንዱ የመኪና ቴፕ ላከ። አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን የጁስ መፍጫ ላከችና «ኤች የሚል አለበት» ብላ ጻፈችልኝ። ሰናይት ማታ ማታ ስልኬን ተቀብላ እያየች ትስቃለች። እኔ ግን ለእያንዳንዱ «አመሰግናለሁ፣ ይህ አይደለም» እያልሁ እመልሳለሁ፤ ንግሡ እየቀረበ ነው፤ የአባቴ መቋሚያ ከበር ጀርባ እንደቆመች ናት።

አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ባልደረባዬ አንድ ፎቶ ላከልኝ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው። ሥዕሉ በዳንቴል ልብስ ላይ ቆሟል፤ ዳንቴሉ ደግሞ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ነገር ላይ ተነጥፏል። ከዳንቴሉ ጫፍ ሥር ያ ምልክት ብቅ ብሎ ታየኝ። «አክስቴ ቤት ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ» ይላል ጽሑፉ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቼ በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አምባ ጊዮርጊስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እትዬ አትጠገብ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላቸው፤ ሰፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ከጓዳ እስከ አስፋልት የሚሰማ ሴት ናቸው።

«ልጄ ነው ካሜሪካ የላከልኝ» አሉኝ ማጫወቻውን እየዳበሱ። «ረክሶ አገኘሁት አለና ላከው። ማኪናውን ላከ፤ የሚበላውን ግን አልላከም። እዚህ ያለው ፊልም ሁሉ አይስማማውም። ይኸው ጊዮርጊስን ተሸክሞ ተቀምጧል።»

የመጣሁበትን ነገርኋቸው። የሁለቱን መሪጌቶች ኩርፊያ ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ የማኅሌቱን ስነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ማኪናውን አውሱኝ ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው! የልጄን እጅ ለማላውቀው ሰው?»

«እትዬ፣ በሰላም እመልሰዋለሁ።»

«እመልሳለሁ ያለ ሁሉ ቢመልስ ቤቴ ትሪ አይጠፋም ነበር። እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ።»

የዋዛ መስሎኝ ነበር። ምግብ ቤቱን ለሴት ልጃቸው አስረክበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ማኪናውን በዳንቴሉ ጠቅልለው ሚኒባስ ገቡ። እኔ ልያዝልዎ ስል እጄን በዓይናቸው መለሱት። እስከ ጎንደር ድረስ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውት መጡ፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ «አይዞህ» ይሉታል፣ ማኪናውን።

ቤት ስንደርስ አያ ፈንታሁን በቀጠሮው ተገኝተዋል፤ «ተገኘ» ብዬ አስጠርቻቸው ነበር። አባቴ በዚህኛው ጫፍ፣ እሳቸው በዚያኛው ጫፍ። እትዬ አትጠገብ ግን የኩርፊያን አቀማመጥ ስለማያውቁ ቀጥ ብለው መጥተው መሃል ላይ ዘፍ አሉ፤ ሶፋው መሃሉ ስለሰመጠ ሁለቱም ሽማግሎች ሳይወዱ ወደ መሃል ተንሸራተቱ።

ገመዱን አውጥቼ ወደ ሶኬቱ ላደርስ አንድ ጣት ሲቀረኝ ሰናይት «እጅህን!» ብላ ጮኸች። ደነገጥሁና ጣልሁት። ማኪናውን አዙራ ጀርባውን አነበበች፤ ከመቶ ሃያ ቮልት በላይ አትስጡኝ ይላል። የኛ መብራት ደግሞ የዚያን እጥፍ ያህል ነው። አባቴ የጠቆረውን ሶኬት በአገጫቸው አሳዩኝ። እትዬ አትጠገብ ማኪናቸውን አንሥተው እንደገና ታቀፉት። ማደንዘዣ እንደያዘው ሰው ቆሜ ቀረሁ፤ ሰናይት ናት ጎረቤት ሮጣ ከውጭ የመጣ የጁስ መፍጫ የሚሠራበትን ትራንስፎርመር ተሸክማ የመጣችው። የሒሳብ ክፍሏን ባልደረባዬን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የጁስ መፍጫ የማይገናኝ ነገር አልነበረም።

ማኪናው በራ። ታች ቤት ሲነሣ ግን ቶሎ አይነሣም፤ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ አንድ ጊዜ ዝም አለ፣ ፊቱ ላይ ደህና መጣችሁ የሚል ጻፈና እንደገና አሰበ። «ደጀ ሰላም ላይ ነው ገና» አሉ አያ ፈንታሁን። ዲስኩን በኤችዲ ፊቱ አስገባሁ። ሲቀበለው መብራት ሄደ።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ማንም አልተነሣም። ለመሄድ የሚነሣ ቢኖር ላስቀር ብዬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቁርጤን አውቄያለሁ፣ ዛሬ ካልሆነ አይሆንም። መብራቱ ሲመለስ ማኪናው ሥራውን ከሀ ጀመረ፤ አቃሰተ፣ ዝም አለ፣ አሰበ። ከዚያ የኔታ ወጡ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጭጋጉ ተገፈፈ። የኔታ ፊታቸው ላይ ያለችው ጠባሳ ታየች። የካባቸው ጥልፍ ታየ፤ የጸናጽሉ ቅጠል አንድ በአንድ ታየ። አባቴ «የኔታ» አሉ በቀስታ፤ ዓይናቸው ሞላ። አያ ፈንታሁን ጭራሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔም እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ያቺ ዝማሜ ደረሰች። ከሪሞቱ ጋር ተንበረከክሁ። ከፊት አባቴና አያ ፈንታሁን፣ ሁለቱም ጥቁር ፂም ያላቸው ጎልማሶች ሆነው ቆመዋል። ከኋላቸው የኔታ አሉ፤ ፊታቸውም ሆነ መቋሚያቸው በሁለቱ ትከሻ ተጋርዷል። ዜማው ተነሣ። አባቴ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። አያ ፈንታሁን ወደ ግራ አዘነበሉ። ቀጥ አድርጌ አቆምሁት።

ቀድመው የተናገሩት እትዬ አትጠገብ ናቸው።

«ምነው እኒህ ሁለቱ ይስቃሉ?» አሉ።

አየን። ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። የሁለቱም መቋሚያ ብብታቸው ሥር ተወሽቋል፤ የትም አላዘነበለም። ያዘነበሉት ራሳቸው ናቸው። አንዱ ወደ አንዱ ጆሮ ተጠግቷል። አያ ፈንታሁን ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የአባቴ ጥርስ እስከ መንጋጋቸው ይታያል። የኔታ ከኋላ ያቺን ዝማሜ ሲያወጡ፣ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከፊት ሆነው በሳቅ ፈርሰዋል። አንዳቸውም ዝማሜዋን አላዩአትም፤ እኛም እንዳናያት ጋርደውናል።

አለቀልኝ ብዬ አሰብሁ። ይህን ሁሉ ደክሜ ሁለቱን ሽማግሎች በሰው ፊት አዋረድኋቸው። ዞሬ ለማየት ፈራሁ።

«ጥበቡ» አሉ አያ ፈንታሁን።

«እ?»

«ምን ነበር ያልኸኝ?»

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ ያልኸኝ! እኔ የሳቅሁት ነኝ፤ አታይም ጥርሴን?»

«እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ! የሚናገር ሰው ዓይኑን ይጨፍናል?»

«አንተ ስትናገርም ስትበላም ትጨፍናለህ!»

እትዬ አትጠገብ በሁለቱ መካከል ተጨንቀው ተነሡ፤ ሶፋው ግን አልሰፋም፤ ሁለቱ በእሳቸው ቦታ ገጠሙ። «መልሰው እስቲ» አሉኝ ሁለቱም። መለስሁት። የሳቅነው ስለ ዲያቆኑ ጫማ ነው፣ አይደለም፣ ስለዚያ ስለተኛው ቄስ ነው፣ ኧረ እሱ ያን ዓመት አልነበረም። መቋሚያዋ ቀኝ ትሁን ግራ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔው ሞኝነቴ አልለቀኝ ብሎ «ታዲያ ዝማሜዋስ?» ብል አባቴ «ከቴሌቪዥኑ ፊት ዞር በል» አሉኝ።

እትዬ አትጠገብ በማግሥቱ ሲመለሱ ማኪናቸውን ብቻ አልያዙም። አባቴና አያ ፈንታሁን ተማክረው ዲስኩንም ሰጧቸው፤ መምህሩ ባለበት መጽሐፉ ይኑር ብለው። ማየት ሲያምራቸው ሁለቱ አብረው ሚኒባስ ይሳፈራሉ፤ እኔን ሳይነግሩኝ የሄዱበትም ጊዜ አለ።

የንግሡ ዕለት አባቴ መቋሚያቸውን ከበር ጀርባ አነሡ። ማኅሌቱ ላይ ከአያ ፈንታሁን ጎን ቆሙ፤ ተማሪዎቹ ከኋላ ናቸው። ያቺ ዝማሜ ስትደርስ አባቴ ወደ ቀኝ፣ አያ ፈንታሁን ወደ ግራ አዘነበሉ። መቋሚያ ከመቋሚያ ተነካካ፤ ይህን ጊዜ ግን ቀስ ብሎ ነው። ተማሪዎቹ የየኔታ ሥርዓት መስሏቸው እነሱም ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አነካኩ። አለቃው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። እኔ ከዓምዱ ሥር ሆኜ ሳይ፣ አያ ፈንታሁን ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ሹክ አሉ፤ የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዳቸውን ይዤ «አባባ፣ አያ ፈንታሁን ምን አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ እንጃ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ረሳሁት።»